ያልተጠየቀ ስለት

እሑድ ከምሳ በኋላ እነትርሲት ቤት ጠረጴዛው ወደ ሳሎኑ መሀል ይሳብና ጨዋታው ይጀመራል። ጨዋታ ይሉታል እንግዲህ! የደረሱ ሰዎች ተሰብስበው ዳይስ የሚሉትን ባለብዙ ገጽ የዕጣ ጠጠር እያንከባለሉ፣ አንዱ ተረት ሲያወራ ሌሎቹ የተረቱ ሰዎች ሆነው "እኔ ዋሻው ገባሁ፣ እኔ ጎራዴ መዘዝኩ" ይባባላሉ፤ ቂጣቸው ግን ከወንበሩ ፈቀቅ አይልም። ተረቱን የሚመራው ሙሄ ነው፤ በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት ቆሞ ይሸጣል፣ እሑድ እሑድ ጋኔንም ንጉሥም ይሆናል። ባንቻየሁ የትርሲት አብሮ አደግ ናት፤ አፏ በር የለውም። ትርሲት ደግሞ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ የሰው ውል እያረቀቀች ትኖራለች፤ እሷ ያረቀቀችውን ጠበቃም አያፈርሰው ይባልላታል፣ ይህን ሲሏትም ትንሽ አንገቷን ቀና ታደርጋለች።

እሷ ቤት የሚሰበሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ናት፤ ብቻዋን ትቶ መውጣት አይቻልም። ደሴ ገበያ ስትገባ መንገድ የሚለቀቅላት ሴት አእምሮዋ ጥሏት ሄዶ፣ ያማጠቻትን አንድ ልጇን "አንቺ ሴትዮ፣ የማን ነሽ? ልጄ እስክትመጣ ውጪ ቆይ" ትላታለች። ትርሲት ሌላውን ሁሉ ችላዋለች፤ ማጠቡን፣ ማጉረሱን፣ እንቅልፍ ማጣቱን። ይህችን "የማን ነሽ" የምትለዋን ግን የብረት ልብም አይችላት።

በዚያ የነሐሴ እሑድ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ተንከባሎ ወርዶ መስኮቱ ላይ እንደ እርጥብ ጋቢ ተለጥፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በጠራራው ሰዓት ጭለማው ሳሎኑን እስከ ጣራው ሞልቶት፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማ ነበር። ተረቱ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ደርሷል። ከሥሩ የጉድጓዱ ጌታ የሚሉት አለ፤ ለደረሰበት ሰው አንድ ምኞት ይሰጣል፣ ግን ከቃሉ ላይ ቀዳዳ ፈልጎ ባለምኞቱን ያጠምዳል። ባለፈው ባንቻየሁ "ዳግመኛ አይራበኝ" ብላ አፏ ተሰፍቶ ቀርቷል። በተረቱ ማለት ነው፤ በእውን ቢሆን ሰፈሩ ባረፈ።

"ተራው ያንቺ ነው" አለ ሙሄ። "ተጠንቀቂ እህት ዓለም፣ አልምርሽም።"

ትርሲት ሳምንቱን ሙሉ ስታሰላስለው ከርማለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ውል እንደምታነብ ቀስ እያለች ተናገረች።

"እናቴ ልጇን ትወቅ። በሕይወት እያለች፣ በገዛ አእምሮዋ። ለዛሬ ብቻ ሳይሆን እስከ ዕለተ ሞቷ። ልጇን ስታውቅ ሌላውን ሰው አትርሳ። ልጇን ከማንም ጋር አታምታታ፤ ልጇ ያልሆነ ሁሉ ልጅሽ ነኝ ብሎ አያታልላት።"

የተረቷን እናት ማለቷ እንዳልሆነ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። ሙሄ ቃሉን እያገላበጠ ቀዳዳ ፈለገ፣ ፈለገና እጁን አነሳ። "መውጫ አሳጣሽኝ። ተሸነፍኩ።"

"እሰይ!" ባንቻየሁ ጠረጴዛውን ደበደበችው። "ዛሬስ ጋኔኑ ታነቀ!"

እዚህ ላይ ትርሲት አፏን ብትዘጋ ምን ነበረበት! ግን ደጀ ሰላም ቆሞ ያደገ ሰው በባዶ እጁ መለመን አያውቅም፤ ልመና ካለ ስለት ይከተላል። ትርሲት ከልማዷ ሳታስበው መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እናቷ ለታቦት ስትሳል ስትል እንደሰማችው፣ "ይህን ካደረግህልኝ ልጅነቴን ላንተ ሰጥቻለሁ፤ ያንተ ልጅ ልባል" አለች።

"ውይ አንቺ!" አለች ባንቻየሁ። "ስለት ማን ጠየቀሽ? ታቦት መሰለሽ እንዴ?"

"ለምዶብኝ ነው" ብላ ትርሲት ሳቀች።

"ተቀብያለሁ።"

ድምፁ ወፍራምና ቀዝቃዛ ነው፤ ከወለሉ ሥር፣ ከእግራቸው በታች የመጣ ይመስላል።

"ሙሄ ሙት፣ ድምፁንስ አሳምረኸዋል" አለች ትርሲት።

ሙሄ ጉንጩ በበቆሎ ተወጥሮ ያላምጣል። "የቱን ድምፅ?"

መልስ ሳትሰጠው ከውስጠኛው ክፍል ሌላ ድምፅ መጣ። "ትርሲቴ! ልጄ፣ ምነው በጭለማ ተቀመጣችሁ?"

ጎረቤቱ እልል አለ። ወይዘሮ አስካለ ከአልጋዋ ተነስታ ጓሮውን ዞረች፣ ሰውን ሁሉ በስሙ ጠራች፣ ሙሄን "ምነው ከሳህ፣ መድኃኒቱን ሸጠህ ነው ወይስ ቀምሰህ?" አለችው። ትርሲት እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ጸጉሯን ስታስዳብስ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ፀሐይ ያላየው ድንጋይ፣ የከረመ ውሃና የበሰበሰ ቅጠል አንድ ላይ የሚሸቱትን የመሰለ፣ ሲያጥቡት የሚብስ፣ ከትርሲት ልብስ ሳይሆን ከራሷ ከትርሲት ገላ የሚወጣ ሽታ። እናቷ ጸጉሯን መዳበስ ጀምራ እጇን ሰበሰበች፣ መስኮቱንም ከፈተች፤ ምንም አላለችም። ቀጥሎ "ትርሲቴ" ማለቷ ቀርቶ "ትርሲት" ሆነ፣ "ትርሲት" ደግሞ ውሎ ሳያድር "የኔ እህት"። ምግብ ስታቀርብላት ለመንገደኛ እንደሚቀርበው ጠርዙ ያልተሸረፈውን፣ ደህናውን ሰሃን ትመርጥላት ጀመር። ማታ ማታም ከግድግዳው ወዲያ እርጥብ ነገር በጠጠር ላይ ሲጎተት ይሰማል፤ ከበሩ ሲደርስ ይቆማል፣ አይመለስም።

አንድ ቀን ባንቻየሁ እየተነጫነጨች ገባች። "ደጃፍሽ ላይ የቆሙት ሽማግሌ የማን ናቸው? ጋቢያቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ግቡ እንጂ አባባ ብላቸው፣ ልጄን እየጠበቅሁ ነው አሉኝ።"

የትርሲት አባት ገና ዳዴ ሳትል ነው የሞተው። ወጥታ ስታይ ማንም የለም፤ ዝናብ ባልዘነበበት ደረቅ መሬት ላይ የረጠበ የእግር ዳና፣ ወደ ቤቱ የሚመጣ እንጂ የሚመለስ የሌለው።

ሮጣ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደች። ሙሄን በመስኮቱ በኩል ክንዱን ይዛ፣ "ጨዋታውን አፍርሰው" አለችው።

"ምኞቱን ካፈረስኩት እናትሽ ወደነበረችበት ብትመለስስ?"

"እናቴንማ አትንካ! ስለቱን ብቻ መልስልኝ።"

ሙሄ ፊቱ አመድ መሰለ። "ስለቱን እኮ የተቀበልኩሽ እኔ አይደለሁም።"

ስትመለስ ጉሙ ግቢውን ውጦታል። ወይዘሮ አስካለ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለቻት።

"እማዬ፣ አንቱ አትበይኝ።" ትርሲት በሽታው ነው የተመለሰው ብላ፣ እግዜር ይይላትና፣ ደስ ሊላት ቃጣ። የጎረቤቱን ስም ጠየቀቻት፣ ዕለቱን ጠየቀቻት፣ ትናንት የበሉትን ጠየቀቻት። እናቷ ሁሉንም ሳታዛንፍ መለሰች፤ ዓይኗ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ብሏል።

"ልጅሽስ?"

"ትርሲት የምትባል ነበረችኝ። ተሰጠች።" ወይዘሮ አስካለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው፤ ምን ይደረግ።"

"እኔ እኮ ነኝ ትርሲት!"

"መልኳንስ ይዘዋል፤ አልዋሽም። ግን የሌላ ልጅ ነዎት፤ እኔ ደግሞ ልጄን ከማንም ጋር አላምታታም።"

ትርሲት ያን የእሑዱን የምኞት ቃሏን ከላይ እስከ ታች እንደ ባላጋራ ጠበቃ በረበረችው፤ አንዲት ቀዳዳ፣ አንዲት መሹለኪያ ፈለገች። የለም። ሁሉንም በገዛ እጇ ደፍናዋለች። በዚህ መካከል በሩ በእርጥብ መዳፍ ቀስ ብሎ ተመታ፤ ያ የጉድጓድ ሽታ በደፉ ሥር ገብቶ ሳሎኑን ሞላው።

"አባትዎ ናቸው፤ ብርድ ላይ አያቁሟቸው" አለች እናቷ።

ወይዘሮ አስካለም ጨዋ ሴት ናትና፣ እንግዳ ብቻውን አይወጣም ብላ፣ ክንዷን ደግፋ እስከ በሩ ሸኘቻት።