ያልተደገመው ጉርሻ

በሰንጋራ መንግሥት ማር አመድ አመድ ያለ ዕለት ሁሉም ገባው። የንጉሡ የጨው ድንጋይ ተሰርቋል። ያ ድንጋይ ከሌለ የአገሩ ጨው አሸዋ ነው፣ ምንም ነገር አይጣፍጥም። ሳምንት ሳይሞላ ሕፃናት ጡት ተፉ። በወሩ ይቀበሩ ጀመር።

ንጉሥ ዘርጋው ከዙፋናቸው ተነስተው ማሉ። «በአባቶቼ አጥንት! ድንጋዩን የመለሰ በቀኜ ይቀመጣል!»

ወለላ ማንም ሳይቀድማት ወጣች። ታናሽ እህቷን የቀበረችው በዋዜማው ነበር። አብሮ አደጓ ቢተው ጦሩን ይዞ እየሮጠ ደረሰባት።

«ወዴት ነው?»

«ጥላ ገበያ። ጥላዎቹ ናቸው የሰረቁት።»

«ሌሊት ምግብ የሚሸጡት? እና እኔን ትተሽ ልትሄጂ?»

ሰባት ቀን ገደል ለገደል ሄዱ። ጥላ ገበያ በዓመት አንድ ሌሊት ነው የሚቆመው፣ ደረሱበት። በሩ ላይ የጅብ ፊት ያለው ዘበኛ ፋኖሱን አነሳ።

«እንግዶች ሆይ፣ እንደ አገራችሁ ወግ በልታችሁ ትወጣላችሁ። ሌላ ሕግ የለንም።»

«ይኼማ ለእኔ የወጣ ሕግ ነው» አለ ቢተው።

ውስጡ ግፊያ ነው። ጥላዎቹ አራት አራት እጅ አላቸው፤ በአንዱ ይጠብሳሉ፣ በአንዱ ያራግባሉ፣ በሁለቱ መንገደኛ ይጎትታሉ። «ና ወንድሜ! ትኩስ ነው!» ዓሣው ፍም ላይ ያፏጫል። «የዘንዶ ምላስ፣ በሚጥሚጣ!» ቢተው በየድስቱ አንገቱን ያስገባል፣ ወለላ በክንዱ ትጎትተዋለች።

«ልንበላ አልመጣንም።»

«አንቺን የሚያጠፋሽ ይኼ ችኮላሽ ነው።»

መሀል ላይ አንድ ግዙፍ ድስት ይንተከተካል። ሰልፉ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። የወጡ ሽታ ምራቅ ያስውጣል። እንዲህ የሚያጣፍጥ የንጉሡ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ወጡ ውስጥ ተነክሯል ማለት ነው።

ሻጯ ሰልፍ ያቋረጠ ልትሰድብ ዞር ስትል ቢተው ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ነከረ። ጩኸቱን ዋጠው። ድንጋዩን በወለላ ነጠላ ላይ ሲጥለው የመዳፉ ቆዳ አብሮ ወረደ።

ሳይበሉ አይወጣም። ወለላ ካጠገቧ ካለው ምጣድ ትኩስ ቂጣ ተቀበለች። የራሷን እየሄደች ዋጠች። እሱ መያዝ ስላልቻለ ቆርሳ አጎረሰችው።

«ድገሚኝ እንጂ። አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«ሊነጋ ነው። ቤት ስንደርስ አጎርስሃለሁ።»

«ወለልዬ፣ እናቴ እንኳ በአንድ ለቃኝ አታውቅም።»

«ና አልኩህ!»

እሷ በሩን አለፈች። ዘበኛው ፋኖሱን ወደ ቢተው አፍ አስጠጋ።

«ይኼ አንዴ ብቻ ነው የጎረሰው። በአገራችሁ እንዲህ ነው የሚበላው?»

ወለላ ዞረች። የተረፈው ቂጣ እጇ ላይ ነበር። ቆርሳ ዘረጋች፤ ክንዷ አንድ ጋት ሲቀረው ጎህ ቀደደ፣ በሩም እንደ ጉም ይሳሳ ጀመር።

«ሂጂ! ልጆቹ እየሞቱ ነው!» አለ ቢተው ከወዲያ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ምናለ ትንሽ ብትታገሺ።»

ድንጋዩ አገሩ ገባ። ማሩ ጣፈጠ፣ ሕፃናቱ ጠቡ፣ ከበሮ ተመታ። ወለላ በንጉሡ ቀኝ ተቀመጠች። ሰው ሲያጎርሳት ፊቷን ታዞራለች።

በዓመቱ ወደ ጥላ ገበያ ተመልሳ ሄደች። ከቤት የጋገረችውን ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። ቢተው ከትልቁ ድስት ኋላ ቆሟል። አራት እጅ አለው፣ አንዱም ጠባሳ የለበትም።

«እመቤት፣ ምን ላቅርብልሽ?»

«ቢተው፣ እኔ ነኝ። የአንድ ጉርሻ ዕዳ ቀርቶብኝ ነው የመጣሁት። እባክህ።»

ቂጣውን አየ። አፉ ሊከፈት ምንም አልቀረው። ከኋላዋ ሰልፈኛው ገፋት።

«ሰው ቆሟል፣ አታይም? ኋላ እጎርስልሻለሁ» አለና በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ተጣራ፦ «ና ወንድሜ! ትኩስ ነው!»