አንሳው ያልኩት ቀን

ጂም ውስጥ ምላሴ ይታወቃል። ብረት የሚፈሩ ወንዶች እኔን የበለጠ ይፈራሉ። አንድ ወጣት ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ከሚሠራበት የአጎቱ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በቀጥታ መጥቶ፣ «አሠልጣኝ፣ ጠንካራ አድርጊኝ» አለኝ። ንፋስ የሚወስደው ሰው እኮ ነው!

«አንተ ቀጮ፣ መጀመሪያ ብላ» አልኩት። ሳቀ። ስሙም ቀጮ ሆኖ ቀረ።

ልጅ እያለ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አላደረገም። ከዚያ ወዲህ ምኞቱ አንድ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መሆን። የቅጥር ፈተናው የሚሰጠው እዚሁ ነው፣ ያለፈ የሚመደበው ግን ሩቅ ወደብ ላይ ነው።

ሥራዬ ነውና አሠለጠንኩት። ሰው የሚጠነክረው ብረት ሲያነሳ ብቻ ሳይሆን ሲያርፍም ነው ብዬ ስነግረው፣ «እኔ የማርፈው ካንቺ ጋር ስሆን ነው» አለኝ።

«ወሬህን ተውና ቁጭ ብድግህን ሥራ!»

እንዲህ እያልኩም ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

አብሬው እንዳልሄድ እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ከእኔ ሌላ የሚያገላብጣት የለም። እሱም ይህን ያውቃል።

በፈተናው ዋዜማ ፎጣውን እያጣጠፈ፣ «አትሂድ በዪኝ» አለ።

«አልልህም።»

«አትወጂኝም ማለት ነው?»

ፎጣውን ተቀብዬ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። ዓይኔን ሲያይ መልሱን አገኘ መሰለኝ፣ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

በማግስቱ እኛ አሠልጣኞች የፈተናውን ሜዳ ካጠረው ገመድ ውጭ ቆመን እናያለን። ቀጮ መሰላሉን ወጣ፣ ቱቦውን ጎተተ። የቀረው ሰው የሚያህል የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ መሮጥ ነው። አነሳው፣ ጥቂት ሄደና ጣለው።

«ደክሞሃል» አለ ፈታኙ፣ «አንድ ዕድል አለህ።»

ደክሞታል? እኔን ጠይቁኝ! ቀጮ ሲደክም መጀመሪያ የሚከዳው ግራ ትከሻው ነው፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። አሁን ትከሻውም ጉልበቱም ደህና ናቸው። ጣቶቹን ነው የከፈተው። ሆን ብሎ ጣለው፣ ለእኔ ሲል።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ይለምናል። ዝም ብል የእኔ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን የእሳት አደጋ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ባል ምን ያደርግልኛል?

«አንሳው!» ብዬ ጮህኩ። «አንሳው አንተ! እኔን ልታታልል ነው?»

እንባው መጣ። ከረጢቱን አቅፎ ብድግ አለና እያለቀሰ ሮጠ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ፈተናውን አልፎ ሲሄድ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት።

«ቅር አለሽ?» አለኝ።

«ቅር ብቻ? ሞቻለሁ! አንተ ግን ሂድ።»

አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈኝ። ያን ጉልበት የሰጠሁት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ይደውል ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ ሆነ። ከዚያ ለበዓል ብቻ። አልፈረድኩበትም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሰውም ብቻውን አይኖርም።

ባለፈው እናቴ አረፈች። ለቀስተኛው እንደተበተነ፣ አሁን እኮ መሄድ እችላለሁ ብዬ ደወልኩለት። ከበስተጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴት እሹሩሩ ትላለች።

«አሠልጣኝ! ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አልኩት። «እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።