ስፒል የነከሰችው ዳቦ ጋጋሪ

«እሺ ደራሲዋ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አለች አክስቷ፣ የራሷን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ።

ልጅቷ የያዘችውን ቁልፍ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ላይ ሰፍታ እስክትጨርስ ሰበብ ፈለገች፤ አላገኘችም። ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ መድረክ ላይ ወጥታ ልቦለዷን የምታነበው እሷ ናት። የልብስ ሰፊ ልብስ ሁልጊዜ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ አክስቷ ግን ለነገ ብላ የደንበኞቿን ሥራ ወደ ጎን አድርጋለች። ከፊት ተቀምጣ ልትሰማት ነው።

ችግሩ፣ ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ክፉ ሴት አክስቷ መሆኗ ነው።

የጻፈችው ያሳደገቻት አክስቷ ከጓደኞቿ ጋር ሽርሽር እንዳትሄድ የከለከለቻት ቀን ነበር። ሆድ የባሰው ሰው ብዕር ከጨበጠ ማንንም አይምርም፤ ሴትዮዋን ፈገግታ የማታውቅ፣ ወላጅ አልባ ልጅ በሥራ የምትፈጅ ጨካኝ አደረገቻት። እንዳይነቃባት ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ አለቻት። የአማርኛ መምህሯ «ሴትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ናት፣ ትንሽ ሰው ሰው ትሽተት» ቢላት፣ አኩርፋ አንዲት ቃል አልነካችም።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። አክስቷ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ የቀሚሱን ጠርዝ እያጠፈች ታዳምጣለች። ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ልጅ ዱቄት ስትሸከም አክስቷ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

«ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ቆመች። እንደ ሁልጊዜው ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ...»

ልጅቷ ቀጥ አለች። ሁሉን ቀይራ ስፒሎቹን ረስታለች።

አክስቷ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ትንሿ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዳቦ ጋጋሪ ስፒል ምን ያደርግላታል?»

ልጅቷ ወረቀቶቹን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ፈገግ አትልም ነው ያልሽው አይደል? ስፒል ነክሶ የሚስቅ ሰው የት አየሽ? ይውጠዋል እኮ።» አክስቷ ራሷ በነገሩ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ አለቀ። ቀሚሱን ሳትጨርሰው ማጣጠፍ ጀመረች። «ነገ እንኳ ባልመጣ ይሻላል። ሥራም ተከምሮብኛል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ይቺ ሴትዮ ምሳዋን መቼ ነው የምትበላው?»

ልጅቷ ወረቀቶቹን አገላበጠች። ሴትዮዋ የትም ቦታ አልበላችም። አልተቀመጠችም፣ አልደከማትም። ቀና ስትል መደርደሪያው ላይ የአክስቷ ምሳ ቀን እንደተከደነ ቁጭ ብሏል፤ ውጭ ደግሞ መንገዱ ላይ መብራት በርቷል። ይህችን ሴት ምን ያህል እንደምትወዳት ድንገት ገባት።

ተነስታ ምሳውን አሞቀች። ቀሚሱን ከአክስቷ እጅ ወስዳ መልሳ ዘረጋችው፤ ወንበር ላይ፣ እንዳይጨማደድ አድርጋ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ብዪ» አለች፣ እርሳሷን እያነሳች። «ከዚያ ሴትዮዋ ልጅቷን ሽርሽር ለምን እንደከለከለቻት ንገሪኝ። እኔ ምክንያቱን አላውቀውም። ነገ ደግሞ ካልመጣሽ አላነበውም።»

አክስቷ እንደ ልማዷ እጇን ወደ ስፒሎቹ ሰደደች። ከዚያ ተወቻቸውና ወደ ገበታው ቀረበች።