ከደብተሬ የጠራኋቸው

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የባለቤቴን ቁርጭምጭሚት ባየሁ ቁጥር ጠባሳው ያስታውሰኛል።

ጊዜው ሐምሌ 1988 ዓ.ም.፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቦታው ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ የቀርከሃውን ጫካ አልፎ ያለ የሰፈራ መንደር።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ የሄደ ሰው ሲመለስ፣ በየቤቱ በር ላይ የቢሮ ስም እየተጻፈ መሆኑን ያወራል። እኛ ዘንድ ግን ስልክ የለም፤ መኪና የለም፤ ክረምት ሲገባ መንገድም የለም።

እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣሁ ነኝ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመድ የሚባል አልተረፈኝም። ኦብሴን ያገባኋት እዚሁ ነው፤ የወለጋ ልጅ ናት፤ የእሷም ሰዎች ሩቅ ናቸው። ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ጉብታ ላይ ነበር። ክረምት ላይ ከእሷ በቀር የሰው ድምፅ ሳልሰማ ሳምንት ያልፋል።

ደብተሩን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አንድ ቀን የጤና ሠራተኛ መጥቶ ሰበሰበንና፣ "ችግር ሲመጣ ማንን እንደምትጠሩ አሁኑኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ያን ጊዜ ጭንቅላታችሁ አይሠራም" አለን። ሌላው ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ፊደል የለየሁት ብቻዬን፣ ከአሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ነው። መጻፍ ደስ ይለኛል። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ።

ለአንድ ወዳጅ አንድ ገጽ። ቤቱ የት እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ቃሬዛ በየትኛው ትከሻው እንደሚይዝ፣ በጥሩንባ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ።

ማህጁብ፦ ገበሬ፣ የአገሩ ተወላጅ። ቀይ ሹራብ ይለብሳል። ግራ ትከሻ። አንድ ጊዜ ይነፋለታል።

ረጋሳ፦ ጨው ነጋዴ። ጢማም። ቀልደኛ ነው፤ "ጸሐፊው፣ እኔን ወፈር አድርገህ ጻፈኝ" ይላል። ቀኝ ትከሻ። ሁለት ጊዜ።

ባቢከር፦ አናጢ። ግራ እግሩን ትንሽ ያነክሳል፤ ግን ብርቱ ነው። ግራ ትከሻ። ሦስት ጊዜ።

ባቢከር ላይ ተሳስቻለሁ። የሚያነክሰው ቀኙን ነው። ደብተሬ በስርዝ እንዳይቆሽሽ ብዬ ተውኩት።

አራተኛው ታረቀኝ ነው። ከፓዌ ከመጣ ወር አልሞላውም። ስሙን ብቻ ጻፍኩ። "የቀረውን በደንብ ስተዋወቀው እሞላዋለሁ" ብዬ ገጹን ባዶ አሳደርኩት...

አራቱም የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ቤታቸውም ተራርቆ።

ያን ሐሙስ ኦብሴ ከበቆሎው ውስጥ እግሯን ይዛ እያነከሰች ወጣች።

"እባብ ነው" አለች፤ ቀስ ብላ።

"አየሽው?"

"አየሁት። አትጩህ።"

ጤና ጣቢያው ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። የተነደፈ ሰው ከተራመደ መርዙ ቶሎ እንደሚሠራጭ ነግረውናል። ተሸክሜ ላደርሳት ብቻዬን አልችልም። ቁርጭምጭሚቷ እያየሁት ያብጣል።

ከቤቱ ጥግ ቃሬዛውን አውርጄ አስተኛኋት። ጥሩንባውን ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ወንዙ ሞልቶ ሲጮህ ከጉብታው ላይ ይሰማል።

"ጌታ ሆይ፣ ሰው ላክልኝ" አልኩ።

ደብተሩን ከጣራው ስር ገልጬ በተራ ነፋሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ለታረቀኝ አራት።

መልስ የለም።

ያን ወንዝ ማን ይሻገረዋል? ቁጭ አልኩና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ቀና ስል... ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

አራቱም።

የተራራቀ ቤት የሚኖሩ ሰዎች እኩል ደረሱ። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት እግዚአብሔርን ማመስገን ብቻ ነው።

"ወንዙን እንዴት አለፋችሁት?"



እግራቸውን አየሁ። ጭቃ አልነካውም።

ማህጁብ ወደ ኦብሴ ጎንበስ አለ። "አይዞሽ ኦብሴ። በጊዜ እናደርስሻለን" አላት።

አነሷት። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ታረቀኝ ራሱ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጎ ከራስጌዋ በኩል ይዟል። መንገድ ጀመርን።

ትንሽ እንደሄድን ረጋሳ፣ "ጸሐፊው፣ እኔን ወፈር አድርገህ ጻፈኝ" አለ። ሳቅኩ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ የሰው ቀልድ መስማት እንዴት እንደሚያሳርፍ የደረሰበት ያውቀዋል።

ኦብሴ ግን ልብሴን ሳብ አደረገች። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ማህጁብ 'አይዞሽ' አለኝ" አለች በሹክሹክታ።

"ታዲያስ?"

"አይዞሽ ነው ያለኝ..."

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማህጁብ አማርኛ የለመደው ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው። ኦብሴን ሁልጊዜ "ኦብሴ፣ ደህና ነህ?" ይላታል፤ እሷም "ደህና ነኝ ጌታው" እያለች ትስቅበታለች።

አሁን የሰማነው አማርኛ የእኔ አማርኛ ነበር። እኔ ስጽፍ የምጽፈው ዓይነት።

ቀና ብዬ አየሁት። ቀይ ሹራብ ለብሷል። ያ ሹራብ ደግሞ በሚያዝያ ቤቱ ሲቃጠል አብሮ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ የሚለብሰውን ቡናማ ኮት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቀርከሃው ገባን። ውስጡ ቀንም ይጨልማል። ዝናቡ ከላይ ይንጫጫል፤ ታች ግን የእነሱ እርምጃ ድምፅ የለውም።

"እናንተ፣ ትንሽ እናርፍ" አልኩ። ሰው ቃሬዛ ይዞ ያን ያህል ሲሄድ ትከሻ ይቀይራል፤ ይተነፍሳል፤ ውሃ ይለምናል።

አልቆሙም። ትከሻም አልቀየሩም።

"ማህጁብ... ዐርዋ እንዴት ናት?" ዐርዋ ልጁ ናት። ስሟን ሲሰማ ፊቱ ይበራ ነበር።

አልዞረም። አልመለሰም። ስለ ዐርዋ ደብተሬ ላይ አንድ ቃል የለም።

"ጸሐፊው፣ እኔን ወፈር አድርገህ ጻፈኝ" አለ ረጋሳ።

ያው ድምፅ። ያው ቦታ ላይ ከፍ፣ ያው ቦታ ላይ ዝቅ። ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል። እኔ ግን ባለፈው ወር ለልጁ ሰርግ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ አይቼዋለሁ።

ባቢከር ያነክሳል። ግራውን።

ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ማውጣት አላስፈለገኝም።

 ላስቁማቸው? ከቆሙ ማን ይሸከማታል? እብጠቱ ጉልበቷን አልፏል። ከንፈሯ ነጥቷል። በሆዴ አባታችን ሆይ እያልኩ ከጎኗ መራመድ ቀጠልኩ።

"ስማ" አለች ኦብሴ።

"አትናገሪ፤ ይደክምሻል።"

"ከራስጌዬ ያለው... ፊቱ ከዚህ ይታየኛል።"

"ታረቀኝ ነው።"

"አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

 እጄን ጨበጠችኝ።

"ፊቱ... ገና ነው።"

ጋቢዬን አውርጄ ዓይኗን ሸፈንኩላት። እኔም ወደዚያ አላየሁም። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ድሬሰሩና አንዲት ሠራተኛ ወጥተው ቃሬዛውን ተቀብለው አስገቡት። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ከደጃፉ ቀረሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ድሬሰሩ ብቅ አለ።

"ትተርፋለች። ሩብ ሰዓት ብትዘገይ ግን አላውቅም ነበር።" ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። "ሰዎችህን ግቡ በላቸው እንጂ። በዝናብ ምን ያቆማቸዋል?"

ዞርኩ።

እደጁ ላይ ቆመዋል። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ቃሬዛው የለም፤ ትከሻቸው ግን እንደጎበጠ ነው። እጃቸው ባዶውን አየር እንደያዘ ነው።

ቀስ ብዬ ተጠጋሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ። በቃ፣ ሂዱ።"

አልተንቀሳቀሱም።

"ጸሐፊው፣ እኔን ወፈር አድርገህ..."

እንዴት እንደሚጠሩ ጽፌያለሁ። እንዴት እንደሚመለሱ ግን የትም አልጻፍኩም።

ከድሬሰሩ እስክሪብቶ ለመንኩ፤ ሰጥቶኝ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከጣራው ስር ቆሜ ደብተሩን ከኪሴ አውጥቼ የማህጁብ ገጽ ላይ፣ "ሥራውን ጨርሷል። ወደ ቤቱ ይመለሳል" ብዬ ጻፍኩ።  ቀና ስል የማህጁብ ቦታ ባዶ ነው። ለረጋሳም ጻፍኩ። ለባቢከርም።

አንዱ ቀረ።

የታረቀኝን ገጽ ገለጥኩ። ስሙ ብቻ አለ። የቀረው ሁሉ ነጭ ነው። እስክሪብቶውን አስነካሁና አንዲት ፊደል ጻፍኩ...

ከላስቲኩ ስር ትንፋሽ ሰማሁ።

ያን ሁሉ መንገድ አንድም ጊዜ አልተነፈሰም ነበር።

ፊደሏን ሰረዝኩ። ትንፋሹ አልቆመም። ደብተሩን ዘግቼ ሮጬ ገባሁ። ሌሊቱን በሙሉ የኦብሴን እጅ ይዤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ሲነጋ እደጁ ላይ ማንም የለም።

ረፋድ ላይ እውነተኞቹ መጡ። እስከ ወገባቸው ጭቃ ናቸው። ማህጁብ በቡናማ ኮቱ ቀድሞ ገባ።

"ኦብሴ ሞተ?"

"አልሞተችም።"

"አልሐምዱሊላህ። ጥሩንባ ሰማን። ወንዝ እምቢ አለ። ሌሊቱን ዳር ላይ ቆምን። ጠዋት ተሻገርን፣ ቤት ባዶ ሆነ።" ወደ እሷ ሄደ። "ኦብሴ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ ጌታው" አለች ኦብሴ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

"ማን አመጣት ታዲያ?" አለ ረጋሳ፤ የተላጨ አገጩን እያሻሸ።

"መንገደኞች ናቸው።"

"ስማቸውን አልጻፍክም? አንተ ሳትጽፈው የሚያመልጥህ ሰው አለ?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ሰው ላክልኝ ብዬ ለምኜ እንደነበር አልነገርኳቸውም። የተላከልኝ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ቄስ ጠይቄ አላውቅም። ኦብሴ በሕይወት አለች፤ ልጆች ወልደናል። ከዚህ በላይ ምን እጠይቃለሁ?

በሦስተኛው ቀን "ውሰዷት" አሉን። አራቱም እኛ ጋ አድረው ነበርና ቃሬዛውን ደጅ ላይ ዘረጉት። ኦብሴ ተኛች። ማንም ሳይነግራት፣ ጋቢውን ራሷ ዓይኗ ላይ ሳበች።

"በሉ፣ በአንድ ላይ" አለ ባቢከር።

ማህጁብ ከእግርጌዋ በግራ፣ ረጋሳ ከእግርጌዋ በቀኝ፣ ባቢከር ከራስጌዋ በግራ ጎንበስ አሉ። ታረቀኝ ላብ ያስቸገረው ይመስል መዳፉን በሱሪው ጠራርጎ ወደ ቀረው ጥግ ሄደ።

ትከሻውን ሊያስገባ ዝቅ አለ።

በእሱ በኩል ግን ቃሬዛው ቀድሞ ተነስቶ ነበር።