ፀሐዩ «ፀ»

ሟቹ ከሦስተኛው የዘይት ታንከር በገመድ ተስቦ ሲወጣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ዘይት ጠጥቶ ተበላሽቶ ነበር። ፋብሪካው ለመፍረድ ሁለት ቀን አልፈጀበትም፤ «ማስጠንቀቂያውን ንቆ ገባ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» አለ። ሚስቱ ግን ይህ አልተዋጠላትም። ልጇ «አባትሽ ማንበብ አይችልም ነበር?» ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጥታለች። መርማሪዋ የተጠራችው ለዚህ ነው።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ሰው የሚያሰለች ቃል ቢኖር ይኸው የእሷ ቃል ነው። መጀመሪያ ያሰለቸችው ፕሮግራመሩን ነበር።

«እስቲ ይሄን አዋቂያችሁን አስረዳኝ።»

«አዋቂው» ሠራተኞቹ በስልክ ጽፈው የሚጠይቁት የኮምፒውተር ረዳት ነው። ስሙን ያወጡለት እንደ ጠንቋይ ሁሉን ይመልሳል ብለው ነው።

«ከራሱ ምንም አያውቅም» አለ ፕሮግራመሩ። «ጥያቄ ሲመጣ መፈለጊያውን ይልካል። መፈለጊያው ሰነዶቹን በሥራው ስም ይበረብራል፤ ጥገና፣ ጭነት እያለ። አዋቂው የመጣለትን አንብቦ ይመልሳል።»

«ካልመጣለትስ?»

«የለም ይላል።»

«ሰነዱ እያለ?»

ፕሮግራመሩ አንገቱን አከከ። «ለእሱ ያልተገኘ ነገር የለም ማለት ነው።»

መርማሪዋ በሟቹ ጓደኛ ስልክ «ሦስተኛው ታንከር ለፅዳት ይገባበታል?» ብላ ጻፈች። አዋቂው ወዲያው መለሰ፦ «አይገባም። ውስጡ መርዛማ ጋዝ አለ።»

«ይኸው!» አለ የደኅንነት ኃላፊው። «ሰኞ ራሴ ጽፌ አስገባሁት፣ ሞክሬም አየሁት። ረቡዕ ጠዋት ገባ። ምን ላድርግ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሩ ላይ ወረቀት ልለጥፍ አስቤ ነበር። ሰነፍኩ።»

«ሟቹ አዋቂውን ይጠይቅ ነበር?»

«መሰላል እንኳ ሳይጠይቅ አይወጣም! እንስቅበት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባ?»

መርማሪዋ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደች።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የሟቹ አጎት ናቸው፤ ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰነድ ሁሉ በእጃቸው ያልፋል፣ የፊደል ስህተት ደግሞ ያማቸዋል። ስለዚህ «ጋሼ ፊደል» ይባላሉ። መርማሪዋ ማስታወሻዋ ላይ «የሰራተኛ ሞት» ብላ የጻፈችውን ከጠረጴዛው ማዶ በተገላቢጦሽ አነበቡና ብዕር አወጡ።

«ንጉሡ ሠ ነው፣ ልጄ» ብለው አረሙት።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። የእህትዎ ልጅም እንደኔ ያስቸግርዎት ነበር?»

«እሱማ ሊያበሽቀኝ ነው። ጽዳትን ሁልጊዜ በፀሐዩ ፀ! በጸሎቱ ጸ ነው ብዬ ስንቴ ነገርኩት...» ሦስት ቀን እንቅልፍ ያላየው ዓይናቸው ቀልቷል።

መርማሪዋ ማስጠንቀቂያውን አሳትማ ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ሁሉም መዝገብ ቤት እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። የሟቹ ሚስትም መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሰነድ የመለወጥ ፈቃድ ያላችሁ ሦስታችሁ ናችሁ» ስትል ጀመረች። ወደ ደኅንነት ኃላፊው ዞረች። «አይቀየሙኝና እርስዎ ለፊደል ግድ የለዎትም። ጽፈው የሰጡኝ ቃል በስህተት የተሞላ ነው። ማስጠንቀቂያዎ ግን የጠራ ነው። ለምን?»

«ማክሰኞ ጋሼ አርመውልኛል።»

«ከመጀመሪያው ጽሑፍዎ ጋር ሳስተያየው አሥራ ሰባት ፊደል ታርሟል። ሦስት ጊዜ የተጻፈ አንድ ቃል ብቻ ቀርቷል፤ ፅዳት፣ በፀሐዩ ፀ። የእኔን ማስታወሻ በተገላቢጦሽ አንብበው የሚያርሙ ሰው ይህን እንዴት አለፉት?»

ፕሮግራመሩን ሰነዱ ላይ ያለውን ቃል በጸሎቱ ጸ እንዲጽፈው፣ ከዚያ የቅድሙን ጥያቄ ሳይለውጥ እንዲጠይቅ አዘዘችው። አዋቂው መለሰ፦ «ክልከላ አላገኘሁም። መግባት ይቻላል።»

«መፈለጊያው በጸ እና በፀ የተጻፈውን ሁለት የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚያየው» አለ ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፍቶ። «አውቅ ነበር። ነገ አስተካክለዋለሁ እያልኩ...»

«ማክሰኞ ቃሉ ታረመ። ረቡዕ ጠዋት ሟቹ እንደ ልማዱ ጠየቀ፣ ግባ ተባለ፣ ገባ። ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ቃሉን ወደ ስህተቱ መለሰው። ሟቹ ማስጠንቀቂያውን አይቶ የናቀ መሰለ። የደኅንነት ኃላፊው የፊደሎቹን ልዩነት አያውቀውም። ፕሮግራመሩ ሟቹ በየትኛው እንደሚጽፍ አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ራስዎ ነገሩኝ።»

ሽማግሌው አልካዱም።

«ሬሳውን ሲያወጡት ነው የገባኝ» አሉ። «እየሮጥኩ መጥቼ በፀሐዩ ፀ ብጠይቀው ግባ አለኝ፤ ቃሉን መለስኩት። በዕድሜዬ አውቄ ያበላሸሁት ፊደል እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ጥፋተኛ ነው ሲሉት... ዝም አልኩ። እጁን ይዤ ሀ ሁ ያስጻፍኩት ልጅ ሲሰደብ ዝም አልኩ።»

«አባባ» አለች የሟቹ ሚስት። እንደ ባሏ እሷም የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

መርማሪዋ ወረቀት አቀረበችላቸው። ሽማግሌው ጻፉ፦ «የእህቴ ልጅ ጥፋት የለበትም። ጠይቆ ነው የገባው። የጠየቀውም እንዲህ ብሎ ነው፦ ሦስተኛው ታንከር ለ...» ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ልጁ ይጽፈው እንደነበረው፣ በፀሐዩ ፀ ጻፉትና ሳያርሙት ፈረሙ።

የሟቹ ሚስት ወረቀቱን አንስታ አነበበችው፤ መልሳም በእጃቸው አስያዘቻቸው።

«ለልጅቷ እርስዎ ራስዎ ያንብቡላት» አለች።