በሰልፉ ያልታየው መምህር

መምህር ገብረማርያም ሞተው የተገኙት በምርጫው ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሶዶ ከተማ ዳር፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ለመምህራን ከተሠሩት ክፍሎች በመጨረሻዋ፣ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ማጅራታቸው ከብረት አልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል። በደረት ኪሳቸው የመራጭነት ካርዳቸው ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ጣፈጠች ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ቤቱን አየችው። የሁምቦ ልጅ ናት፤ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስለምትኖር የብቸኛን ሰው ቤት ለማወቅ አትቸገርም። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሬዲዮ። ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል። ሻይ አልተቀዳባቸውም፤ ማንቆርቆሪያው በቀዘቀዘ ሻይ እንደተሞላ ነው። ሁለት ወንበርም አለ፣ ሁለቱም ባዶ። አልጋው ላይ አንድ ክምር መጽሐፍ ተቀምጧል። ጎንበስ ብላ የሟቹን እጆችና የጫማቸውን ሶል አየች። እጃቸውም ሶላቸውም ንጹሕ ነበር።

ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ለመናገር አልደፈረም፤ ውጤቱ ሳምንት ይፈጃል ብሎ ሄደ።

አስከሬኑን ያገኙት የግቢው ዘበኛ አቶ መልአኩ ናቸው። ጣፈጠች በአካባቢው ቋንቋ፣ በወላይታቶ ስታናግራቸው ትንሽ ቀለላቸው።

«መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«እሑድ ማታ፣ ሬዲዮ ሲሰሙ። ዛሬ ደግሞ የምርጫውን ወሬ ያወሩልኛል ብዬ አንኳኳሁ።»

«ትናንትስ? ድምፅ የተሰጠው እዚሁ ግቢ ውስጥ አይደል?»

«ስድስት መቶ ሰው ነው የተሰለፈው። ማን ማንን ያያል?» መልአኩ አንገታቸውን ደፉ። «ደግሞ እሳቸውን አለማየት ለምደን ነበር፣ ልጄ።»

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። የዜግነት ትምህርት የሚያስተምሩት መምህር ገብረማርያም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚመርጡ ሲያውቁ፣ የየፓርቲውን ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈው አነጻጸሩላቸው። በሁለተኛው ሳምንት «በክፍል ውስጥ ለአንድ ፓርቲ ቀስቅሰዋል» የሚል ስም የሌለው የክስ ማመልከቻ ቀረበባቸው። ከክፍል አውጥተው ቤተ መጻሕፍት አስቀመጧቸው። ጉዳያቸውን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊያይ ለዚሁ ሳምንት ሐሙስ ተቀጥሮ ነበር። ክሱ ከቀረበ ወዲህ እሳቸው ወደ መምህራን ማረፊያ ሲገቡ ጠረጴዛው ይበተናል፤ ሁሉም ድንገት ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። ማንም አልጠላቸውም፤ ሁሉም ፈራ። ለብቻው ሻይ ለሚጠጣ ሰው ግን ይህ ምን ያጽናናዋል?

ርዕሰ መምህሩ ፋኑኤል በቢሮው ሆኖ ነገሩን ሊያሳጥረው ሞከረ።

«አንሸራቷቸው ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌ ናቸው። አደጋ ብለን ብንዘጋው ለሁሉም ይቀላል።»

«የሐሙሱ ጉዳይስ?»

«የሞተ ሰው አይጠየቅም። ፋይሉ እንዳለ ይዘጋል።»

«እንዳለ ማለት፣ ቀስቅሰዋል እንደተባሉ?»

ፋኑኤል እስክሪብቶውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ሌላ ማስረጃ ካልቀረበ ምን አደርጋለሁ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ ሰው ስማቸው በአንድ ስም የለሽ ወረቀት ሊቀበር ነው። ጣፈጠችን ከሞታቸው ባልተናነሰ ያናደዳት ይህ ነበር።

«እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የክፍሎቹን ቁልፍ ለምርጫ አስፈጻሚዎቹ አስረክቤ ወደ ቢጠና ሄድኩ። የተመዘገብኩት እዚያ ነው።» ጥቁር ቀለም የተቀባ አውራ ጣቱን አሳያት። «ይኸው፣ ማስረጃዬ።»

«እስቲ ደግሞ ይህን ይዩልኝ።» ከሟቹ ማህደር ያገኘችውን አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። መምህር ገብረማርያም ለርዕሰ መምህሩ የጻፉት ማመልከቻ ቅጂ ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቁጥር አለበት። ከታች «አባሪ፦ አንድ የተማሪ ደብተር» ይላል። «አርብ ዕለት ገቢ ሆኗል። ደብተሩ የት አለ?»

ፋኑኤል መሳቢያውን ከፍቶ ያልተከፈተ ፖስታ አወጣ። ጆሮው ቀልቷል። «የምርጫው ጥድፊያ ሆኖብኝ አልከፈትኩትም።»

ፖስታውን ተቀብላው ወጣች።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ ፍሬሕይወት የሟቹ ጎረቤት ናት፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው። በምርጫው ዕለት ደግሞ የመራጮችን መዝገብ ይዛ ታስፈርም ነበር። ዓይኗ አብጧል።

«ያቺ ሁለተኛ ወንበር መጽሐፍ ነበር የሚደረደርባት?» አለች ጣፈጠች።

«አዎ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምቀመጥባት። ማታ ማታ አብረን ራት እንበላ ነበር። ክሱ ከቀረበባቸው በኋላ መሄዴን ተውኩ። አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ሳልፍ፣ ወንበሯ ላይ መጽሐፍ ከምረውባት አየሁ። ምንም አላሉኝም። ምነው ቢሰድቡኝ!»

«ትናንት ንጋት ላይ ድምፅ አልሰሙም?»

«አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው የወጣሁት፤ ቁልፉ እስኪመጣ ደጅ ላይ ዕቃ እያዘጋጀን ነበር። ኮሮጆውን የሚጠብቁት ፖሊሶችም አብረውኝ ነበሩ።»

«ሲመርጡስ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ስወጣ መዝገቡን ለኤልሳዕ ሰጠሁት። ስመለስ ስማቸው አጠገብ ተፈርሟል። እውነቱን ልንገርዎት? ደስ አለኝ። ፊት ለፊት ሳላያቸው ስላለፈልኝ።» ጥቂት አለቀሰች። «ማታ ደግሞ ቆጠራው አስቸገረን። የፈረመው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ኮሮጆው ውስጥ የተገኘው ስድስት መቶ አሥራ አንድ። ኤልሳዕ ‹አንዱ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ወጥቷል› ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘው።»

«ለመራጭ ያልተሰጡት ወረቀቶችስ?»

«ከእነሱ ደግሞ አንድ ተረፈ።»

«ሰው ይዞት ከወጣ እንዴት ይተርፋል?»



የታሪክ መምህሩ ኤልሳዕ የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማሩት መምህር ገብረማርያም ናቸው፤ የኮሌጅ ማመልከቻውን የሞሉለትም እሳቸው። ትልቅ መሐረብ ይዞ ፊቱን ይጠርጋል።

«አባቴ ነበሩ» አለ።

«መቼ አየሃቸው?»

«ትናንት ሰባት ተኩል ላይ። ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ሜዳውን አቋርጠው መጡ። ታዛቢዎቹም ሰልፈኛውም ዝናቡን ሸሽተው በረንዳ ላይ ተጨናንቀው ነበር። ፈረሙ፣ መረጡ፣ ሄዱ።»

«ጣታቸውን ማን ቀባው?»

«እኔው ራሴ። ቀቢዋ ምሳ ላይ ነበረች።»

«ከዚያ በኋላ?»

«እስከ ምሽት ከጣቢያው አልወጣሁም። አምስት አስፈጻሚዎች ይመሰክሩልኛል።»

«ይመሰክሩልሃል» አለች ጣፈጠች፤ ማስታወሻዋን ዘጋች።

ረቡዕ ከሰዓት አራቱን ሰዎች በመምህራን ማረፊያ ሰበሰበቻቸው። ፋኑኤል በሩ አጠገብ፣ ፍሬሕይወት መስኮቱ ጋ፣ ኤልሳዕ መሃል፣ መልአኩ ደግሞ «ቁጭ በሉ» ቢባሉም ቆመው ቀሩ። የጥጉ ጠረጴዛ ላይ ማንም አልተቀመጠም። መምህር ገብረማርያም ለአራት ወር ሻያቸውን የጠጡት እዚያ ነው።

«እስቲ አውራ ጣታችሁን አሳዩኝ» አለች ጣፈጠች።

ግራ እየተጋቡ አነሡ። ሁሉም ጥቁር ነው። የራሷንም አነሣች። «እኔ ሁለት ቀን በሳሙና ፈትጌዋለሁ። አይለቅም። መምህር ገብረማርያም ግን እጃቸው እንደ ሕፃን እጅ ንጹሕ ነው።»



«ከወንበሯ ልጀምር። ለአራት ወር መጽሐፍ የተሸከመች ወንበር ሰኞ ዕለት ተለቀቀች፤ ሁለት ብርጭቆ ወጣ፤ ሻይ ተፈላ። ስለዚህ እንግዳ መጥቷል፤ ያውም ደስ ያላቸው እንግዳ። መቼ? ሱፍ ለብሰዋል፣ ካርዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ጋሽ መልአኩ፣ ምርጫ ሲሆን ስንት ሰዓት ነው የሚሰለፉት?»

«ከሰው ሁሉ በፊት» አሉ መልአኩ። «ሁልጊዜ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው ሊወጡ ተዘጋጅተው የነበረው ከንጋቱ አሥራ ሁለት በፊት ነው። አንተ ግን፣ ኤልሳዕ፣ ሰባት ተኩል ላይ በዝናብ መጡ አልከኝ። የዚህን ግቢ ቀይ ጭቃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሶላቸው ላይ የለም። ፊርማ አለ፣ ቀለም ግን የለም። ፊርማ አለ፣ ወረቀቱ ግን ከጥራዙ አልወጣም፤ ለዚህ ነው ኮሮጆው አንድ የጎደለው፣ ያልተሰጠው አንድ የተረፈው። የሞተ ሰው በመዝገብ ላይ ይፈረምለታል እንጂ መጥቶ ወረቀት አይወስድም።»

«ፊርማውን ፍሬሕይወትም ልታደርገው ትችላለች» አለ ኤልሳዕ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ትችላለች። የወረቀቱን መትረፍ የነገረችኝ ግን እሷ ናት፤ በእጄ ጣታቸውን ቀባሁ ያልከኝ አንተ ነህ። ንጋት ላይ እሷ ከፖሊሶቹ ጋር ነበረች። አቶ ፋኑኤል ደግሞ መምህሩ የሞቱበትን ሰዓት ወደ ከሰዓት ሊያዞር የሚችል መዝገብ አልያዙም። ጋሽ መልአኩ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለማን በር ከፈቱ?»

«ለርዕሰ መምህሩና ለኤልሳዕ። ርዕሰ መምህሩ ወዲያው ወጣ።»

ኤልሳዕ መሐረቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ማጠፍ ጀመረ። አራት ጊዜ አጠፈው።

«ሐሙስ ተማሪዎቹን ለምስክርነት እንዳይጠሩ ልለምናቸው ነው የሄድኩት» አለ። «ክሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክትል ርዕሰ መምህር ትሆናለህ ተባልኩ።» ፋኑኤልን አላየውም፤ ሌሎቹ ግን አዩት። «እሳቸው አያውቁም ነበር። ልጠይቃቸው የመጣሁ መስሏቸው መጽሐፉን ከወንበሯ አንሥተው ሁለት ብርጭቆ አወጡ። ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ‹ልውጣ፣ ሰልፉ ያመልጠኛል› ብቻ አሉኝ። ይቅርታ ሳያደርጉልኝ እንዳይወጡ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሲያስለቅቁኝ ገፋኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩን ዘግቼ ጣቢያውን ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ‹ጋሽ ገብረማርያም የት ቀሩ?› ብሎ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።»

ፍሬሕይወት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ እስከ ሟቹ በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ስድስት መቶ ሰው በዚያ በር ፊት ተሰልፎ ውሏል።

ጣፈጠች ፖስታውን ቀደደች። ደብተሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የሊድያ ነው፤ መምህሩ የተናገሩትን ሁሉ የምትጽፍ ልጅ ናት። ኢንስፔክተሯ ያ የምርጫ ትምህርት የተጻፈበትን ገጽ አገኘችና አነበበች፦

«‹መምህር፣ እርስዎ ማንን ይመርጣሉ?› ብለን ጠየቅናቸው። ‹እሱን ከነገርኳችሁ መምህራችሁ መሆኔ ቀረ። የሁሉንም አንብቡ፣ የምታምኑትን ምረጡ። ከእኔ የተለየ ከመረጣችሁም መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ሻይ አፍልቼ እሰማችኋለሁ› አሉን።»

መልአኩ ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ኤልሳዕ በዚያው ዕለት ተወሰደ። ፋኑኤልም የሰጠውን ተስፋ በተመለከተ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። ኮሚቴው ሐሙስ ተሰብስቦ ደብተሩን አነበበና በግማሽ ሰዓት ወሰነ። ደብዳቤው ተተየበ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ወጪ ቁጥር ተሰጠው፦ «ለመምህር ገብረማርያም፤ ጉዳዩ፦ ከቀረበብዎት ክስ ነጻ ስለመሆንዎ።»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የደብዳቤ ማስረከቢያውን መዝገብ አቅፋ ፍሬሕይወት ጋ መጣች። ሟቹ ቤተሰብ የላቸውም፤ ተቀባይ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ሰው መፈረም አለበት።

«ጎረቤታቸው ስለሆንሽ አንቺ ፈርሚላቸው» አለቻት።

ፍሬሕይወት እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ ስማቸው አጠገብ ያለውን ክፍት ቦታ ብዙ አየችው።

«አንድ ጊዜ ተፈርሞላቸዋል» አለችና እስክሪብቶውን መለሰችላት። «ይኼ እንኳ ክፍቱን ይቅር።»

ደብዳቤውን ግን ወሰደችው። ወደ መጨረሻዋ ክፍል ሄደች፣ ጣፈጠች የተወችላትን ቁልፍ አዞረች፣ ባዶዋ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጮክ ብላ አነበበችላቸው።