አምስተኛው ብርጭቆ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር የሞተው። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ላየው ሰው ለአፍታ ያሸለበ ይመስላል። ከፊቱ አምስት ብርጭቆዎች በሰልፍ ተደርድረዋል። በአራቱ ውስጥ ጥቂት ጥቂት ወተት ቀርቷል። አምስተኛው ጭልጥ ተደርጎ ባዶ ሆኗል፤ ከሥሩ ግን ነጭ ዱቄት ተጋግሯል።

ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራ እንኳ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁልጊዜ ትከብዳት ነበር። ዛሬ ግን አልከበደቻትም። እናቷን ከቀበረች ወር ከአምስት ቀኗ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር ተሰምቷት አያውቅም። አላለቀሰችም። ሰዎች «ጠንካራ ናት» አሉ። ጠንካራ ሳትሆን ደንዝዛ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቦታው የወተት ፋብሪካ ነው፤ ክፍሉ የቅምሻ ክፍል። ሟቹ የፋብሪካው ዋና ቀማሽ ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ምላስ» ይለው ነበር። እሱ በጠዋት ቀምሶ ካልፈረመ አንድ ጠርሙስ ወተት ከግቢ አይወጣም። ፎቶው ደግሞ በየኮሪደሩ ተለጥፏል፦ ጢሙን እስኪነካ የሞላ ብርጭቆ አፉ ላይ ደግኖ፣ ከሥሩ «ወተት ለአዋቂም ነው!» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ አለቃ» አላት ሳጅኑ። «ወተቱን የምትቀዳለት የላቦራቶሪዋ ልጅ ናት። ሌላ ሰው እጁን አያስገባም። ሬሳውን አገኘሁ ያለችውም እሷ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይዣት እሄዳለሁ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ከሩብ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮሪደሩ ዞር አለች። የላቦራቶሪዋ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጩ ጋውኗ በሁለቱም ጡቶቿ ላይ በስብሷል።

«የስንት ወር ነው?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«አራት ወሩ ነው። በአራት ሰዓት ወጥቼ ማጥባት ነበረብኝ። ጎረቤቴ ይዛዋለች፤ ጡጦ ግን እምቢ ይላል። ከእኔ በቀር ከማንም አይወስድም።» ድምጿ ደረቅ ነው። «እስር ቤት ካስገባችሁኝ ማን ያጠባዋል?»

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች። ተመልሳ ወደ ቅምሻው ክፍል ገባች።

የአስከሬን ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። «የአይጥ መርዝ ይመስለኛል፤ ሆዱን ሳልከፍት ግን አልምልም» አላት።

«ዶክተር፣ ለትልቅ ሰው ወተት መጠጣት ጥሩ ነው?»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቅ ሊል ከጀለና ፊቷን አይቶ ተወው። «ለማን? አንዳንዱ አርጅቶም ቢጠጣው ምንም አይለውም፣ ለአጥንቱም ይበጀዋል። ብዙው ሰው ደግሞ ልጅነቱ ሲያልፍ ሆዱ የወተቱን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል፤ ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ከሽንት ቤት ሽንት ቤት ያሯሩጠዋል። ሰውየውን ሳላይ አልመልስም።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ሰውየውን አየችው። ጢሙ ጥቅጥቅ ያለ ሽበት ነው፣ ደርቋል፣ ንጹሕ ነው። ብርጭቆዎቹን በተራ አነሳቻቸው። በአራቱ ላይ ወተቱ የተወው ምልክት ከሥር ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ በአምስተኛው ግን እስከ አፉ ጠርዝ ይደርሳል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ባልዲ አለ፣ ውስጡ አረፋ ያለው ወተት። መስኮቱ ጋ ባለው የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ ደግሞ የሻይ ፔርሙስ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ክዳኑ ብቻ አጠገቡ ወድቋል።

«ክዳኑን ውሰድልኝ» አለችው ሐኪሙን። «ሆዱንም ቶሎ ብለህ እይልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አላልቶ ቢሮው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። ከጀርባው ፖስተሩ በትልቁ ተሰቅሏል።

«ዛሬ ጠዋት አይተውት ነበር?»

«አይቼዋለሁ እንጂ! ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰላም ልለው በሩን ገርበብ ሳደርግ፣ አፍ ድረስ የሞላውን ብርጭቆ አንስቶ ጭልጥ አደረገው። አልረበሽኩትም፣ መልሼ ዘጋሁ።»

«ከልጅቷ ጋር ይስማሙ ነበር?»

«ሰው ማማት አልወድም» አለ፣ ማማት የሚወድ ሰው እንደሚለው። «ግን ትናንት በሥራ መውጫ ላይ ሲጮህባት በበሩ ሰምቻለሁ። ‹አንቺ ዝም በይ!› እያለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።»

«ለትልቅ ሰው ወተት መጠጣት ጥሩ ነው ይላሉ?»

ሥራ አስኪያጁ በጥያቄው ደስ አለው። እንደ ማስታወቂያ አፉ ተከፈተ። «እሱን አያዩትም? ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በቀን አንድ ሊትር ይጠጣል፤ አንድ ቀን ታምሞ አያውቅም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ራሴ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ «አንድ ሊትር» ብላ ጻፈች።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የሟች ሚስት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ኢንስፔክተሯ ያንን አቀማመጥ አወቀችው፤ የራሷ ነው።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን። ፔርሙሱን ስጡኝና ልሂድ። ካልታጠበ ይሸታል።»

«ታጥቧል እኮ።»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ማን አጠበው? እሱ በሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ዕቃ አጥቦ አያውቅም። ዝንጅብል ያለው ሻይ እሞላለታለሁ፤ ቅምሻውን ሲጨርስ ይጠጣና አተላውን ይዞልኝ ይመጣል።»

«እትዬ፣ ለትልቅ ሰው ወተት መጠጣት ጥሩ ነው?»

«ለማን ነው የምትጠይቂው፣ ልጄ?»

«ለራሴ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ እውነቷን ነበር። ቤቷ ውስጥ እናቷ የገዛችው፣ ወራት የሚቆይ፣ ገና ያልተከፈተ የካርቶን ወተት አለ።

«ሆድሽን የሚያምሽ ከሆነ ተይው። ሰው በሆዱ ማፈር የለበትም። እሱ ግን...» ፖስተሩን አየችና ፊቷን መለሰች። «ምን ዋጋ አለው፣ ሞቷል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ጋውን እስከ ወገቧ ርሷል።

«በየብርጭቆው ምን ያህል ትቀጂለታለሽ?»

«ሁለት ጣት። ከዚያ በላይ አያስቀዱኝም።»

«ባልዲው ለምንድን ነው?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። «ለ... ለቆሻሻ ነው።»

«ትናንት ዝም በይ ያለሽ ስለ ምን ነበር?»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ። በሁለት ነገር ቃል አስገብተውኛል።»

«ቃል ያስገባሽ ሰው ሞቷል። የራበው ልጅሽ ነው።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ቆማ አየቻት፤ እሷ ዕንባ እንዴት እንደሚመጣ ረስታዋለች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነበር። አዳምጣ ዘጋችና ሳጅኑን «ሁሉንም ሰብስብልኝ» አለችው።

ሬሳው ቀደም ብሎ ለምርመራ ተነስቷል። ሥራ አስኪያጁ፣ ሚስትየው፣ ልጅቷና ሳጅኑ በቅምሻው ክፍል ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«ጠዋት ሥራ አስኪያጁንም እትዬንም ስለ ወተት ጠይቄ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «መልሱን ፈልጌ ብቻ አልነበረም። ሟቹን ማን እንደሚያውቀው ለማየት ነው። እትዬ፣ ባለቤትዎ ወተት ይጠጣ ነበር?»

ሚስትየው ቦርሳዋን ጨበጥ አደረገች። «ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ አንድ ጉንጭ ከዋጠ ሆዱ ይነፋል። ቀምሶ ይተፋዋል። የሚተዳደረው በምላሱ ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ወተት የማይስማማው የወተት ቀማሽ ተብሎ እንዳይሳቅበት ደብቆ ኖረ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይህ ቀልድ ነው።»

«ባልዲው እዚሁ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «አምስት ጊዜ ቀመሰ፣ አምስት ጊዜ ተፋ። ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ የወተት ጠብታ አላገኘም፤ ያገኘው የዝንጅብል ሻይና መርዝ ነው። መርዙ በፔርሙሱ ክዳን ጥርስ ውስጥም አለ። ገዳዩ ወተቱን ልጅቷ ሳታየው መመረዝ ስላልቻለ ሻዩን መረዘ፤ ሲሞትለት ፔርሙሱን አጠበ፣ ክዳኑን ግን ረሳው። ከዚያ አምስተኛውን ብርጭቆ ወተት ሞላበት፣ መርዝ ጨመረ፣ ገንዳው ላይ ደፋውና ‹ጠጥቶ ሞተ› እንድንል ባዶውን አስቀመጠልን። ወተት የምትቀዳዋ ልጅ ናትና ጣታችን ወደ እሷ እንዲጠቁም።»

«እሷስ ብትሆን?» አለ ሳጅኑ።

«ባልዲውን በየቀኑ የምትደፋው እሷ ናት። እሷ ብትገድለው ኖሮ ከዓለም ሁሉ የማታሳብብበት ነገር ቢኖር ወተት ነው። እትዬም እንደዚያው። ይህን ያደረገው ጋሽ ምላስ ወተት እንደሚጠጣ ያመነ ሰው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «አፍ ድረስ የሞላ ብርጭቆ ጭልጥ ሲያደርግ አየሁ አሉኝ። ልጅቷ የምትቀዳው ሁለት ጣት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ የሞላ ብርጭቆ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱ የሞላው ሰው።»

ሳጅኑ ወደ በሩ ጠጋ አለ።

«አሁን ተናገሪ» አለቻት ልጅቷን። «ትናንት ጋሽ ምላስ ምን አለሽ?»

ልጅቷ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለትምህርት ቤቶች የሚሄደው ወተት እንዳይበላሽ ብለው ሥራ አስኪያጁ ኬሚካል አስጨምረውበታል። ምርመራዬ ላይ አገኘሁት፤ ጋሽ ምላስም በምላሳቸው አወቁት። እናገራለሁ ስል ‹አንቺ ዝም በይ! ልጅ አለሽ፣ ያባርሩሻል። ነገ እኔው አልፈርምም ብዬ እናገራለሁ› አሉኝ።»

«እርስዎም በበሩ ሰሙት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግማሹን ብቻ ነገሩኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የተቀመጠው ሟቹ በሞተበት ወንበር ላይ መሆኑን አላስተዋለም። «ፋብሪካው ይዘጋ ነበር» አለ በቀስታ። ቀጥሎ ግን የከነከነው ሌላ ነገር ሆነ። «ፎቶውን እኮ እኔ ነኝ ያነሳሁት። እፊቴ ነው የጠጣው።»

«ጠጥተዋል» አለች ልጅቷ። «ከዚያ ሦስት ቀን ታመው ተኙ። እርስዎ ግን ዕረፍት የወጡ መስሎዎት ነበር።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ኢንስፔክተሯ ልጅቷን «ሂጂ» አለቻት፤ ልጅቷም ጋውኗን ሳታወልቅ ሮጠች። የጫማዋ ድምፅ ደረጃው ላይ ራቀ። ሚስትየው ፔርሙሱን ጠየቀች። ማስረጃ ስለሆነ አይሰጥም አሏት፤ «እሺ» አለችና ባዶ እጇን ወጣች።

ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች። ፍሪጁን ከፍታ የካርቶን ወተቱን አየችው። እናቷ በየቀኑ «ጠጪ፣ አጥንትሽ ይጠንክር» እያለች ትቀዳላት ነበር፤ እሷ ደግሞ ስለማይስማማት እናቷ ዞር ስትል የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ትደፋው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልነገረቻትም። እናትየው ባዶውን ብርጭቆ እያየች «ጎሽ!» ትል ነበር።

ካርቶኑን ቀደደች። እስከ አፉ ሞልታ ቀዳች። ቆማ ጠጣችውና ባዶውን ብርጭቆ እናቷ ከምትቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዷን ቆረጣት። ወንበሩ ላይ ታጥፋ ሆዷን ያዘች። ከወር ከአምስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የተሰማት ነገር እሱ ነበር። «እማዬ፣ አመመኝ» አለች፣ ድምጿን አውጥታ። ያኔ ማልቀስ ጀመረች።